ጥፋተኛው እኔ ስለመሆኔ፤ ስለ ሰባቱ የአማሁሉ ታጋቾች

ለክቡር የኩባንያው ምሽግ አዛዥና የቅርንፉድ ደሴቶች አስተዳዳሪ
በምሽጉ

ቀን፦ ዓርብ፣ ኩባንያው በባሕራችን ዳር ሚዛኑን በሰቀለ በአርባ ዘጠነኛው ዓመት፣ የምሥራቁ ነፋስ በገባ በሦስተኛው ሳምንት

አመልካች፦ ጋስፓር ናንሎሂ፣ የሃቱሌሲ መንደር ነዋሪ፣ የመንደሩ የጦር ታንኳ ከበሮ መቺ

ጉዳዩ፦ የምትፈልጉት ጥፋተኛ እኔ መሆኔ ተመርምሮ እንዲታመንልኝና ሰባቱ የአማሁሉ ታጋቾች ነገ ቅዳሜ አንገታቸው ገመድ ውስጥ ሳይገባ እንዲለቀቁ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ወደዚህ ምሽግ የሚያመለክት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው «እኔ የለሁበትም» ለማለት ነው። እኔ የመጣሁት «አለሁበት» ለማለት ነው። ሁለት ጊዜ በቃሌ ተናግሬ ሁለት ጊዜም ሳልታመን ተመልሻለሁ። በወረቀት የተጻፈ ነገር በእናንተ ዘንድ ክብደት አለው ስለተባልኩ ይኸው በወረቀት መጥቻለሁ።

ቃሌን የሚጽፍልኝ የመንደራችን የቤተ ክርስቲያን አስተማሪ ነው። ስሙ እንዳይነሳ ለምኖኛል፤ ሚስትና አራት ልጆች አሉት። ከአፌ የወጣውን ሁሉ አልጻፈውም። «አባባ ጋስፓር፣ እባክዎ ስድቡን እናውጣው» እያለ ብዙ ቦታ አስቁሞኛል፣ አንዳንዱንም አውጥተነዋል። የቀረውን ክቡርነትዎ በይቅርታ ይለፉልኝ፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ለነገ የማስቀምጠው ትዕግሥት የለኝም።

1ኛ. ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከራሴ ልጀምር። ዕድሜዬ ስልሳ ስምንት ነው። የሃቱሌሲን የጦር ታንኳ ከበሮ ከአጎቴ ተረክቤ አርባ ዓመት መትቻለሁ። በታንኳችን ሃምሳ ቀዛፊ ይቀመጣል፤ ሃምሳውም የሚሰማው የታንኳውን አለቃ ሳይሆን እኔን ነው። ሳፈጥን ይፈጥናል፣ ሳዘገይ ያዘግማል፣ ዝም ካልኩ መቅዘፊያው አየር ላይ ይቀራል። ክቡርነትዎ በየዓመቱ ታንኳዎቻችንን ለዘመቻ ሲያስጠሩ ከግንቡ ላይ ሆነው ሰምተውኝ ይሆናል። ሁልጊዜ የሚያስጠሩን ቅርንፉዱ በሚለቀምበት ወር ስለሆነ በደስታ የመታሁበት ጊዜ የለም፤ ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይ ግን እሱ አይደለም።

2ኛ. ከባሕሩ ማዶ፣ በሴራም ተራሮች ግርጌ፣ አማሁሉ የሚባል መንደር ነበረ። «ነበረ» ያልኩት አውቄ ነው። ሃቱሌሲና አማሁሉ በእኛ አፍ ፔላ የምንለው የደም ኪዳን አላቸው። ቅድመ አያቶቻችን ክንዳቸውን በጥተው ደማቸውን ከዘንባባ ጠጅ ጋር በአንድ የኮኮነት ቅል ጠጥተዋል። ከዚያ ወዲህ የአማሁሉ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ ከጓሮዬ ያሻውን ቀጥፎ ይበላል፤ አያስፈቅድም፣ አይከፍልም። ልጄን ለልጁ አይጠይቅም፣ እህትና ወንድም ናቸውና። ኋላ እኛ ተጠመቅን፣ እነሱ ሰላት ሰገዱ፤ ሆኖም የመስጊዳቸውን ጣሪያ የከደንነው እኛ ነን፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ምሰሶ ያቆሙት እነሱ ናቸው። የፔላውን ደም ያፈሰሰ ዘር አይተርፍለትም። ይህ ክቡርነትዎ ለልጆች የሚነገር ተረት እንዳይመስልዎት። ሕጋችን ነው፤ ከእናንተው ሕግ የሚለየው ወረቀት ላይ አለመስፈሩ ብቻ ነው።

ታንኳችን ወደ አማሁሉ ሲቃረብ የምመታው የሰላምታ ምት ነበረኝ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ መዳፍን የከበሮው መካከል ላይ አሳርፎ። «ወንድሞቻችሁ ነን፣ ርቦናል፣ ድስቱን ጣዱ» ማለት ነው። ከማዶ የአማሁሉ ከበሮ መቺ ካሲም ቱሃሬያ ይመልስልኛል። በመልሱ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ምት ይጨምር ነበር፤ «ሆዳም!» ማለቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያች ምት ሰድቦኛል፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባሕር ላይ ሆኜ ብቻዬን ስቄያለሁ። ከዚያ ሕዝቡ ከሳጎ ዛፍ ዱቄት የሚገነፋውን ገንፎና የተጠበሰ ዓሣውን ይዞ ወደ ዳር ይወርዳል፤ ሴቶቹ እየዘፈኑ ይቀድማሉ። ይህን ምት እየመታ ጦር ይዞ የመጣ ሰው ከተፈጠርን ጀምሮ አልነበረም።

3ኛ. ስለ ኩባንያው። ታሪኩን ክቡርነትዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ከእኛ በኩል እንዴት እንደታየ ግን የሚነግርዎት ያለ አይመስለኝም።

በሁለት መርከብ ሲመጡ እኔ አዲስ ቀዛፊ ነበርኩ። የጠየቁት ሚዛን መስቀያ ብቻ ነው። የያኔው ሹማችን ባሕሩ ዳር ያለውን ትልቁን ዛፍ አሳያቸውና «ከቅርንጫፉ ላይ ስቀሉት፣ ጥላውም የናንተው ይሁን» አላቸው። የመርከቡ አለቃ «ኩባንያው ያመሰግናል» አለ። ኩባንያ ምን እንደሆነ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ሹማችን የአንድ ትልቅ ሰው ስም መስሎት «እኚህ ጌታ ኩባንያ ራሳቸው መቼ ይመጣሉ? አግብተዋል? ልጆችስ አሏቸው?» ብሎ ጠየቀ። የመርከቡ አለቃ እንባው እስኪፈስ ሳቀና «እሱ አያገባም፣ አይሞትም፣ ሆዱም አይሞላም» አለው። እኛም አብረን ሳቅን። ያን ሳቅ ሳስበው ዛሬ ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል፤ ሰውየው እኮ እውነቱን ነበር የነገረን!

የእኛም የአማሁሉም ሽማግሌዎች «ሰው ባይሆንም ወንድም ይሁነን» ብለው የኮኮነቱን ቅል አቀረቡ። የመርከቡ አለቃ በኩባንያው ስም ክንዱን በጥቶ ጠጣ። ፊቱን አጨፍግጎ ጠጣ፣ ግን ጠጥቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለሆነም በሕጋችን ኩባንያው የሃቱሌሲም የአማሁሉም ፔላ ነው። ይህን ማመልከቻ የምጽፈው ለባዕድ ሹም ሳይሆን ለደም ወንድም መሆኑን ክቡርነትዎ እንዲያስቡልኝ እለምናለሁ።

በሁለተኛው ዓመት «ዶሮዎቻችሁ ቅርንፉዱን በተኑብን» ብለው ዛፉን አጠሩት። በአራተኛው ዓመት አጥሩ ድንጋይ ሆነ፤ ድንጋዩን የተሸከምነው እኛ ነን። ቀጥሎ የባሕር ወንበዴ በዝቷል ተባለና ግንቡ ላይ መድፍ ወጣ። ወንበዴው የሚመጣው ከባሕር ከሆነ የሁለቱ መድፎች አፍ ለምን ወደ መንደሩ ዞረ ብላ አንዲት አሮጊት ብትጠይቅ «አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ፣ ሂጂ ዓሣሽን አድርቂ» አሏት። ከዚያ ቅርንፉድ ከኩባንያው በቀር ለማንም አይሸጥ ተባለ። ከዚያ ዛፎቻችን ተቆጠሩ። ከዚያ ያለ ፈቃድ ችግኝ የተከለ ሰው በአደባባይ እስኪዝለፈለፍ ተገረፈ። በመጨረሻ ያ ዛፉን ያሳያቸው ሹም፣ አርጅቶ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ፣ ለግብዣ ተብሎ ወደ ምሽጉ ተጠራ። ከማካሳር ነጋዴ ጋር ተነጋግረሃል ብለው ሚዛኑ ከተሰቀለበት ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉት። ዓይነ ስውር ስለነበር ወዴት እንደሚወስዱት አላወቀም፤ እስከ መጨረሻው «ምግቡ የቱ ጋ ነው?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። ነጋዴ ሆኖ የገባው ዳኛ ሆነ፣ ዳኛው ንጉሥ ሆነ፣ እኛም በየዓመቱ መቅዘፊያ ይዘን የምንሰለፍ የእሱ ጭፍራ ሆንን።

4ኛ. ባለፈው ዓመት አማሁሉ ለማካሳር ታንኳ ቅርንፉድ ሸጧል ተባለ። ሸጧል። ኩባንያው ሩዝ አልሰጣቸውም ነበር፣ ልጆቻቸው ቅጠል ይበሉ ነበር፤ ሸጡ። ሻምበል ኮርኔሊስ ሠላሳ ታንኳ አስከትሎ ሲነሳ የእኛዋ አንዷ ነበረች። ልናስታርቃቸው ነው የምንሄደው ብሎ ነገረን። በታንኳችን ሃያ ወታደሮች ተሳፍረው ከቀዛፊዎቹ እግር ሥር ሰሌን ተከናንበው ተኙ። ፀሐይ እንዳይመታቸው ነው ተባልን፣ አመንን።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሻምበሉ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከራሱ ትንባሆ ሰጠኝ። በአስተርጓሚው በአንቶኒ በኩል «ሽማግሌው፣ ወዳጅ ቤት ስትደርሱ እንዴት ነው የምትመታው?» አለኝ። ደስ አለኝ! አንድ ነጭ ስለ ከበሮዬ ሲጠይቀኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ምቱን ነገርኩት፣ መልሱን ነገርኩት፣ ሕዝቡ እንዴት እንደሚወርድ ነገርኩት፣ የካሲምን ስድብ እንኳ ሳልደብቅ ነገርኩት። ሳቀና «እንግዲያው ያንተ ታንኳ ትቅደም» አለ።

መታሁ። ካሲም መለሰ፣ ትርፏንም ምት ጨመረ። ሕዝቡ ወረደ። ታንኳችንን ለመጎተት እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ የገቡ ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱ «ወንድም ዓለም፣ ምነው ዘንድሮ ቆያችሁሳ!» ብሎ ጮኸልኝ። ያን ጊዜ ሰሌኑ ተገለጠ።

መጀመሪያ የወደቀችው ትኩስ ገንፎ የያዘች ሴት ናት። ገንፎው ደረቷ ላይ ተደፋ፤ ስትጮህ ያቃጠላት ገንፎው መስሎኝ ነበር። ታንኳችንን የያዘው ሰውዬ ፊቱ ግማሹ ሄደ፣ እጁ ግን ታንኳውን አልለቀቀም፤ ወታደሩ ጣቶቹን በጎራዴ ቆርጦ አስለቀቀው፣ ሁለቱ ጣቶች እግሬ ሥር ወደቁ። ሴቶቹ ወደ ኋላ ሲሮጡ የኋለኞቹ ደግሞ ዘፈኑን እየዘፈኑ ገና ይወርዱ ነበር፣ እርስ በርስ ተጋጩ፣ ጥይቱም እዚያው ክምር ላይ ዘነበ። ውሃው እስከ መቅዘፊያችን ድረስ ቀላ። ካሲም ከበሮውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቆሞ ያየኝ ነበር። አልሮጠም። ጥይቱ መጀመሪያ ከበሮውን በሳ፣ ቀጥሎ ሆዱን። ተንበርክኮ አንድ ጊዜ በመዳፉ መታ። ምን ማለቱ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ እኔ ከማውቃቸው ምቶች አንዱም አልነበረም።

ስልሳ ሦስት ሰው ሞተ። ቀጥሎ ዛፎቹን ቁረጡ ተባልን፣ እኛው፣ ቀዛፊዎቹ። በእኛ አገር ልጅ ሲወለድ በስሙ ቅርንፉድ ይተከልለታል፤ ዛፉ ከወደቀ ለልጁ ይሰጋል። ወደ ጫካ ያመለጡት እናቶች ሦስት ቀን ሙሉ ከላይ ሆነው ያዩን ነበር፤ መጥረቢያችን ባረፈ ቁጥር ከቅጠሉ ውስጥ አንድ የልጅ ስም ይጮኻል። ዮዋኪም የሚባል ቀዛፊያችን «የወንድሜን ዛፍ አልቆርጥም» ብሎ መጥረቢያውን ጣለ። በጠመንጃ ሰደፍ ሁለቱንም ጉልበቱን ሰባበሩት፤ ዛሬ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ነው የሚሄደው። እኔ አልጣልኩም። እኔ ቆርጫለሁ። ይህንንም ጻፈው ብዬዋለሁ አስተማሪውን።

ከዘመቻው ስንመለስ ሻምበሉ «ታማኝ አገልጋይ» ብሎ ቀይ ጨርቅና ባርኔጣ ሸለመኝ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ሱዛና ጨርቁን ዘርግታ አየችው፤ «ይህን ለብሰህ የማንን ለቅሶ ልትደርስ ነው?» አለችና ከአሳማዎቹ በረት ወረወረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንደራችን ከእኔ ጋር ከአንድ ሰሐን የበላ ሰው የለም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን አልበላም ነበር።

ከአማሁሉ ዘጠኝ ሰዎች በሕይወት ተይዘው ወደዚህ ምሽግ መጡ። የካሲም ባለቤት ሐዋ አንዷ ናት።

5ኛ. ከሞት የተረፉት የአማሁሉ ሰዎች ከተራራው ጀርባ ባለች ጠባብ ወሽመጥ ጎጆ ሠርተው ችግኝ ተክለው ኖሮ፣ ወሬው ለኩባንያው ደረሰ። ከአምስት ሳምንት በፊት ዘመቻው እንደገና ተጠራ። ሻምበል ኮርኔሊስ ዘንድሮ ትንባሆ እንኳ አልሰጠኝም፤ «እንደ አምናው» ብቻ አለኝ። ታንኳዬም ቀደመች፣ ወታደሮቹም ከሰሌኑ ሥር ተኙ።

ክቡር ሆይ፣ ዋናው ቃሌ ይህ ነውና በጥሞና ይነበብልኝ። ወሽመጡ አፍ ላይ ስንደርስ የመታሁት የሰላምታውን ምት አይደለም። የለቅሶውን ምት ነው። የለቅሶው ምትም ሁለት አጭርና አንድ ረጅም ነው፤ ልዩነቱ መዳፍ መካከል ላይ ሳይሆን ጣት ጠርዙ ላይ ማረፉ ነው። ለቅሶ በእኛ ዘንድ ከሟች ደጅ እንጂ ከባሕር ተመትቶ አያውቅም። ከባሕር የመጣ ለቅሶ ምን እንደሆነ ለመረዳት ለእነሱ አንድ ጊዜ መስማት ይበቃቸዋል። ሻምበሉ ከኋላዬ ቆሞ ነበር፣ ሽጉጡ በእጁ፤ ጆሮው ከከበሮዬ አንድ ክንድ አይርቅም። ሳቆም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጎሽ፣ ሽማግሌው!» አለኝ።

ዳር ስንወጣ አንድ ነፍስ አልነበረም። ምድጃው ይጨሳል፣ ገንፎው ድስት ውስጥ ይንተከተካል፣ አንዲት ዶሮ ብቻ ትዞራለች። ሻምበሉ በንዴት ዶሮዋን ተኮሰ። ጎጆዎቹን አቃጠለ፣ ክንድ የማይሞሉትን ችግኞች አስነቀለ። ያን ጊዜ ቀና ብዬ ጫካውን አየሁ። ደስ አለኝ ክቡር ሆይ። ከአንድ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ አማረኝ፣ ያን ገንፎ በጣቴ ቀመስኩት።

6ኛ. ከዘመቻው ስንመለስ በገበያው ላይ አዋጅ ተነገረ። ሌሊቱን በታንኳ ሄዶ ለአማሁሉ ሰዎች ወሬ ያቀበለ ሰው እጁን እስኪሰጥ ድረስ ከዘጠኙ ታጋቾች በየቅዳሜው አንድ ይሰቀላል የሚል ነው። በታንኳ የሄደ ሰው የለም። የለም! ያልሄደ ሰው እንዴት እጁን ይሰጣል?

አዋጁን በሰማሁ ማግስት ወደ ምሽጉ በር መጥቼ ለአስተርጓሚው ለአንቶኒ «እኔ ነኝ፣ በከበሮዬ ነው የነገርኳቸው» አልኩት። አየኝና «አባባ፣ ጠጥተዋል እንዴ? ዱም ዱም ነው እኮ፤ ዱም ዱም ደግሞ መቼ አፍ አወጣ?» አለኝ። በሩ ላይ የቆሙት ወታደሮች ሲተረጉምላቸው በሳቅ ሞቱ፣ አንደኛው በጠመንጃው ሰደፍ የራስ ቁሩን እየመታ «እኔስ ምን አልኩ አሁን?» አለ። በዚያው ቅዳሜ የካሲም ታናሽ ወንድም ኢድሪስ ተሰቀለ። ከመሰቀሉ በፊት የነጋሪው ስም እንዲያወጣ ጥፍሮቹን ነቅለውበታል። የማያውቀውን ከየት ያምጣ?

ሰኞ ዕለት ሻምበል ኮርኔሊስን ራሱን መንገድ ላይ ጠብቄ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ሰማኝ። ሲሰማኝ ፊቱ መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ቀላ። ከዚያ ለአንቶኒ «ይህ ታማኝ ሽማግሌ ነው፤ ለእስረኞቹ አዝኖ አእምሮው ተነክቷል፣ ወደ ቤቱ ውሰዱት» አለ። ገብቶት ነበር ክቡር ሆይ! ዓይኑን አይቼዋለሁ። እኔን ያመነ እንደሆነ ከገዛ ጆሮው ሥር በአንድ ሽማግሌ መሞኘቱንም ማመን አለበት፤ ያን ከሚያምን ዘጠኝ ሰው መስቀል ቀለለው። በሁለተኛው ቅዳሜ ከታጋቾቹ አሮጊቷ፣ ሁላችንም እናታችን የምንላት ኢና ሐቱ ተሰቀለች። እግሯ ሽባ ስለነበር ሁለት ወታደር ተሸክሞ ነው ያወጣት። ሰውነቷ ቀላል ሆኖ ቶሎ ስላልሞተች አንዱ እግሯ ላይ ተንጠለጠለባት። ከሕዝቡ መካከል ሆኜ «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሰው እንደ እብድ አየኝ፣ አንቶኒም አፌን በእጁ አፈነኝ።

ለነገ የተመረጠችው ሐዋ መሆኗን ዛሬ ጠዋት ተነግሯል።

7ኛ. ይህን በመጻፌ የከበሮአችንን ምሥጢር ለኩባንያው አሳልፌ እንደሰጠሁ የሚያስብ ይኖር ይሆናል፤ አስተማሪውም ፈርቶ ብዕሩን አስቀምጦ ነበር። አይፍራ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከከበሮ መቺዎች ጋር ተገናኝተን ምቶቹን ሁሉ ቀይረናል። ለክቡርነትዎ የጻፍኩት የድሮውን ነው። አዲሱን የሚያውቁ አሉ፤ ስማቸውን ጥፍሬ ቢነቀልም አልናገርም፣ ታጋቾቹ ደግሞ ከአምና ጀምሮ እስር ላይ ስላሉ የሚያውቁት ነገር የለም። ይህንንም ጨምሮ አምኛለሁ፤ ለስቅላት የሚጎድለኝ ወንጀል ካለ ይኸው ሞልቶልኛል።

8ኛ. በመሆኑም ክቡርነትዎን የምለምነው እንዲህ ነው።

ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ገመዱ ሳይዘጋጅ፣ ሰባቱን ታጋቾች እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ በየተለያየ ክፍል ያስገቡልኝ። በሰባቱም በር ላይ እናንተ የምታምኑት ሰው ይቁም። እኔ ከበሮዬን ይዤ ከግንቡ ውጭ፣ ከማያዩኝ ቦታ እቆማለሁ። መጀመሪያ የሰላምታውን ምት እመታለሁ፤ አንቶኒ እየዞረ «ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃቸው። ቀጥሎ ለእናንተ ጆሮ አንድ የሆነውን ያን ሌላውን እመታለሁ፤ እንደገና ዞሮ ይጠይቃቸው። ሻምበል ኮርኔሊስም እዚያው ቆሞ ይስማ። ሰባቱ ሰዎች በሰባት ክፍል ሆነው አንድ መልስ ከመለሱ ከበሮ አፍ እንዳለው፣ በወሽመጡ ላይም የተናገረው የእኔ እጅ እንደሆነ ክቡርነትዎ ያምኑልኛል። አዋጁ የሚለው ጥፋተኛው እስኪገኝ ነው፤ ከተገኘ ሌላ ሰው የሚሰቀልበት ምክንያት የለም። ሐዋንና ስድስቱን ወደ ሴራም የሚያሻግር ታንኳ ከምሽጉ በታች ዝግጁ ነው፤ የሚቀዝፉት የሃቱሌሲ ሰዎች ናቸው፣ ዮዋኪምም መቅዘፊያ ይዞ ተቀምጧል፣ ለመቅዘፍ ጉልበት አያስፈልግም ብሎ።

ለእኔ ምሕረት አልጠይቅም። ስልሳ ሦስት ሰው ከቤቱ ጠርቼ ያስገደልኩት እኔ ነኝ፤ በዚያ ኩባንያው ሸለመኝ እንጂ አልከሰሰኝም። በሕይወቴ የሠራሁትን አንድ ደግ ነገር ወንጀል ካላችሁት በእሱ ክሰሱኝ፣ ገመዱን ግን ስለ ስልሳ ሦስቱ ብዬ እቀበለዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የለቅሶ ምት የሟቹ ስም ሳይመታ አያልቅም፤ በወሽመጡ ላይ ስም ሳልመታ ስላቆምኩ ያ ለቅሶ ገና አላለቀም። በእኛና በአማሁሉ ዘንድ እያንዳንዱ ሰው ሲወለድ በከበሮ የሚጠራበት የራሱ ስም ይወጣለታል፣ ሁለቱም መንደር ያውቀዋል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ሁለተኛውን ምት ስጨርስ አንቶኒ በየበሩ «ማን ሞተ አለ?» ብሎ ይጠይቅልኝ። ሰባቱም የሚመልሱት አንድ ስም ነው፤ እሱም ከዚህ በታች የተፈረመው ነው።

በወንድምነት አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣
ከምሽጉ በር ላይ ቆሜ መልስ የምጠብቀው፣

(ፊርማ)
ጋስፓር ናንሎሂ